ዛሬ ኤርፖርት ያበላሸሁት ፎቶ

ዛሬ ጠዋት ዋሽንግተን፣ ደለስ ኤርፖርት፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ልጃቸውን ያቀፉትን እናት «እማማ፣ ይልቀቁትና እንደገና ይቀፉት» አልኳቸው።

አዎ፣ እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት።

ልጃቸው ሰለሞን እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቴ ነው። «አዲሷን ካሜራህን ይዘህ ና፣ የምንገናኝባትን ደቂቃ ብቻ አንሳልኝ» ብሎኝ ከሥራ ኦፍ ወስጄ ነው የሄድኩት።

በሩ ተከፍቶ እናቱ በዊልቸር ብቅ ሲሉ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ የካሜራዬን ሴቲንግ እያስተካከልኩ ነበር። (ካሜራው ራሱ ያስተካክልልኝ ነበር፤ ግን ዩቲዩብ ላይ አንዱ «አውቶ የሰነፍ ነው» ስላለ፣ ሰነፍ ላለመባል።) እልልታ ሰምቼ ቀና ስል፣ ከወንበሩ ተነስተው ልጃቸው አንገት ላይ ተጠምጥመዋል።

ያኔ ነው ያንን ያልኩት።

እንደተጠመጠሙ ዞር ብለው አዩኝና «ልልቀቀው እንዴ?» አሉኝ። የምራቸውን ነው የጠየቁኝ። ከዚያ እኔን ላለማስቀየም ለቀቁት፤ እንደገና አቀፉት፣ እኔም አነሳኋቸው።

ዊልቸሩን ሲገፋ የነበረው ሐበሻ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ እኔ እዚህ በር ላይ ነው የምውለው። ካሜራህን እነሱ ሳይመጡ አዘጋጅ። ከዚያ በኋላ በሩን ብቻ እይ» አለኝ። ምክሩ ልክ ነው፤ የመጣው ግን ካበላሸሁት በኋላ ነው።

ቤት ገብቼ ፎቶውን ከፈትኩት። ጥርት ብሏል። ብርሃኑም ቆንጆ ነው። እናትየው ልጃቸውን አቅፈው፣ ፈገግ ብለው የሚያዩት እኔን ነው።

ሰለሞን «በጣም ያምራል፣ ቴንኪው» ብሎ ቴክስት አድርጎልኛል።

እናንተስ፣ ፎቶ አነሳለሁ ስትሉ ያበላሻችሁት ደቂቃ አለ? እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ዛሬ ብቻዬን አልሁን።