ከጎሹ የወጡት ሁለት አረሮች

ወለተሰንበት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በከሊፋ ሱቅ ደጃፍ ስታልፍ አንድም ቀን ሰላም ብላው አታውቅም። ጠዋት ወደ ልደታ ማርያም ስትሄድ ነጠላዋን በሱቁ በኩል ባለው ጉንጯ ላይ ሳብ ታደርጋለች፤ ስትመለስ በሌላኛው። አዲስ ተከራይ ካልጠየቀ በቀር ይህን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፦ ባሏን በሱፍቃድን ጎሽ ገደለው፤ የማይረባውን ጥይት የገዛው ከሊፋ ነው።

የከሊፋ ሙያ ቀበቶ መስፋት ነው። ከወሎ መጥቶ ቆዳ ሥራ የተማረው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከአጎቱ ዘንድ ነው። አሁን ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ሱቁ ሦስት ሰው አይይዝም። አብዛኞቹ ደንበኞቹ ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው፤ ክሱ እየተራዘመ ሰውነታቸው ሲቀንስ ቀበቷቸው ላይ ተጨማሪ ቀዳዳ ያስበሳሉ። ቁጡ ነው። ከተበሳ በኋላ «ትንሽ ወደዚህ ቢሆን ኖሮ» ያለውን ሰው ቀበቶውን ደጅ ወርውሮ ይሸኘዋል።

በጉልምስናው ከአዳኞች ጋር ይወጣ ነበር። ፈቃድ ያላቸው አዳኞች ቆዳው እንዳይበላሽባቸው በደንብ የሚገፍ ሰው ይዘው ይሄዳሉ፤ ያ ሰው ከሊፋ ነበር። የሚገፈው አውሬ ግን በሙስሊም እጅ ያልታረደ ነውና ሥጋውን አይቀምስም። የቡድኑ መሪ ሚደቅሳ በዚህ አይለቀውም ነበር፤ «የጅብ ወጥ ቤት» ይለዋል። ከሊፋም አይወደውም። አብረው የከረሙት እንጀራ ሆኖባቸው ነው።

በ1993 ዓ.ም. ሚደቅሳ፣ በሱፍቃድና ከሊፋ ጎሽ ፍለጋ ወደ ኦሞ ሸለቆ ወረዱ። ሁለቱ አዳኞች የያዙት ቤልጅግ ነበር፤ ከአባቶቻቸው የቀረ፣ ባለ ስምንት ሚሊ ጠመንጃ። ጥይቱን ለሁለቱም የገዛው ከሊፋ ነው፤ አረሩ ከባድና አፍንጫው ክብ የሆነ፣ አንድ ካርቶን። በሦስተኛው ቀን በሱፍቃድ ሞተ። ሚደቅሳ ሬሳውን ይዞ ሲመጣ ለሚስቱ «ጥይቱ ከዳው» አላት። ለሐዘንተኛ የተነገረ የማጽናኛ ቃል ነበር። ግን የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዱ ጥይቱን ማን ገዛው ብሎ ጠየቀ፤ ሚደቅሳም ስም ጠራ።

ከሊፋ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በሰልስቱ ለመናገር አፈረ። በአርባው ወለተሰንበት ፊቷን ስታዞርበት ተናደደና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ዝምታው እልህ ሆነ።

ሚደቅሳ ግን ዝም አላለም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የዕድሩ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ስለ አደን ያስተምራል። ቤልጅግ የተሠራው ለሰው ነው፤ ስምንት ሚሊ ጎሽ ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ ለጎሽ ዝሆን የሚጥለው ትልቁ ጠመንጃ ነው የሚያስፈልገው ይላል። ቢፍቱ የምትባል የባንክ ሠራተኛ አንድ ቀን ስልኳን አውጥታ፣ ድሮ በዚህ ጥይት ዝሆን ሳይቀር ጥለዋል የሚል ጽሑፍ አነበበችለት። ሚደቅሳ «እንግዲያው ጎሽ ሲመጣብሽ በስልክሽ ተኩሺበት» አላትና አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ። የከሊፋ ሱቅ ከዚያ አግዳሚ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ሁሉንም ይሰማል።

ዘንድሮ የወለተሰንበት ቤት ለልማት እንዲነሳ ተወሰነና ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ከሊፋ ይህን ከሰማ በኋላ እጁ ሥራ እምቢ አለው። እዚህ እያለች ቢያንስ አንድ ቀን ልትጠይቀው ትችላለች። ከሄደች ግን ባሏን ያስገደለ ሰው አድርጋው ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚያርምበት መንገድ የለም። ሚስቱ ዙሃራ ትሂድልህ፣ አንተም ዕረፍ ትለው ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በዕድሩ ቤት ሽኝት ተደረገላት። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ታደለ። ከሊፋ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሚደቅሳ መርቆ ሲጨርስ የበሱፍቃድን ስም አነሳ።

«ያ የተረገመ ስምንት ሚሊ ባይሆን ዛሬ ከጎንሽ ይቀመጥ ነበር» አለና ወደ በሩ ተመለከተ።

ከሊፋ ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ከኮቱ ኪስ ራሱ የሰፋትን ትንሽ የቆዳ ከረጢት አወጣና ሁለት አረር ዳቦው አጠገብ አፈሰሰ።

«በሱፍቃድን የገደለውን ጎሽ በምን ጣልከው?» ሲል ሚደቅሳን ጠየቀው።

ሚደቅሳ ዛሬ የሰው ሽኝት ነው፣ ጠብህን ይዘህ ውጣ አለው።

«በቤልጅግ ነው የጣልከው። በአንድ ጥይት፤ እኔ ከገዛሁት ካርቶን። ትልቁ ጠመንጃህ የት ነበር?»

ማንም አልሳቀም። ከሊፋ ጫፉ የተደፈጠጠውን አረር አነሳ። ይሄኛው በትከሻው ገባ፣ አጥንቱን ሰባበረ፣ ሳንባውን በስቶ በወዲያኛው ጎን ቆዳ ሥር ሲደርስ ቆመ፤ ስገፍ በእጄ አወጣሁት አለ። ሁለተኛው ምንም አልሆነም ማለት ይቻላል። እሱ በታፋ ገብቶ ጨጓራ ውስጥ የቀረ ነው፤ ያን ሁሉ የታጨቀ ሣር ደግሞ የዝሆን ጥይትም አያልፈውም አላቸው።

ወለተሰንበት በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችው።

«የታፋውን ማን ተኮሰው?»

በአዳኞቹ ልማድ ግዳይ የሚቆጠረው መጀመሪያ ደም ላፈሰሰ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው ቢጨርሰውም ስሙ የዚያኛው ነው። ስለዚህ የቸኮለ ሰው ጎሹ ጎኑን እስኪሰጠው አይጠብቅም፤ ያገኘውን ይተኩሳል። እንዲያ የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ጥሻ ውስጥ ገብቶ የሚከተለውን ሰው ይጠብቃል።

ከሊፋ ሚደቅሳን አየው። ሚደቅሳ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ያን ጊዜ «እሱ ነው» ቢል ሚደቅሳ አይክድም ነበር፤ ለመካድ የሟቹን ስም መጥራት ነበረበት። ከሊፋ ይህን አውቆታል።

«ባልሽ ነው» አላት። «ጎሹ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ። ሚደቅሳ በእጁ ከልክሎት ነበር።»

ሚደቅሳ ቀና ሳይል «ዝም ብትል ምን ይጎድልብህ ነበር ከሊፋ» አለ።

ወለተሰንበት የያዘችውን ጠርሙስ አስቀመጠች።

«ይህን ሁሉ ዓመት ስጠላህ ዝም ብለህ አየኸኝ?»

«ጠላሽኝ እንጂ አልጠየቅሽኝም።»

ሰዉ ዳቦው ሳያልቅ ተበተነ። ሲወጡ አንዳንዶቹ ከሊፋን ገፋ እያደረጉት አለፉ። የሞተ ሰው ስም ለማጉደፍ ሽኝት መጠበቁን እየተናገሩ ነበር፤ ከእነሱ መካከል ለዓመታት የከሊፋን ስም በክፉ ሲያነሱ የኖሩም ነበሩበት። ሚደቅሳ አግዳሚው ላይ ብቻውን ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃዋ አይሱዙ ላይ ሲጫን ወለተሰንበት ሱቁ ደጃፍ መጥታ ቆመች። ከሊፋ ወስፌውን እንደያዘ ቀና አለ። እጇን ዘረጋች።

«የበሱፍቃድን ስጠኝ።»

ከረጢቱን ፈትቶ ያልተደፈጠጠውን አረር መዳፏ ላይ አስቀመጠው። ጥቂት አገላብጣ አየችውና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ያኛውን ለሚደቅሳ ስጠው» አለችው። «እሱ ጠብቆ ነው የተኮሰው።»

ነጠላዋን በየትኛውም ጉንጯ አልሳበችም። ደህና ሁን ሳትለው ወደ መኪናው ሄደች።

ከሊፋ የተደፈጠጠውን አረር ለማንም አልሰጠም። ሚደቅሳም ከዚያ ወዲህ ስለ ስምንት ሚሊ የጠየቀውን ሁሉ ይሰድባል።