የተሰቀሉት ሦስት ጥንድ ጫማዎች

ልጅ ሳለሁ በቤታችን የነበረው ጫማ በጠቅላላው ሦስት ጥንድ ነበር፤ ሰዉ ደግሞ አምስት ነው ብዬ እቆጥር ነበር። የአባቴ አንድ፣ የእናቴ አንድ፣ የእኔ አንድ፤ ሁለቱ ታናናሾቼ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። መስከረም ላይ መካነ ሰላም ከተማ ትምህርት ቤት ልገባ ነው። ባዶ እግሩን የመጣ ልጅ ከበር ይመለሳልና፣ ያ ቡናማ የቆዳ ጫማዬ ክረምቱን ካልተሻገረ አንድ ዓመቴም አብሮት መቅረቱ ነበር።

ስለዚህ አይጥ እንዳይገባበት ብዬ መደቡ አጠገብ አፉን ወደ መሬት ደፍቼ አስቀመጥኩት። እናቴ ግን ሶሉ ወደ ሰማይ የዞረ ጫማ ካየች አማትባ ሳታቃናው አታልፍም፤ በእኛ አገር የተገለበጠ ጫማ እግዜርን እንደ መዳፈር ነው። እኔ እደፋለሁ፣ እሷ ታቃናለች፤ ለምን ብለን ግን አንድም ቀን አልተጠያየቅንም። ነሐሴ ላይ የሣር ክዳኑ ማፍሰስ ጀመረ። አንድ ጠዋት ብነሳ፣ እናቴ ያቃናችው የግራ ጫማዬ እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ፣ ሶሉ ከፊት ተላቆ አገኘሁት።

ያኔ የእናቴ አጎት የኔታ፣ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር፣ ክረምቱን እኛ ዘንድ ነበሩ። ሲመሽ ተረት የሚያወሩልን እሳቸው ናቸው። ስነፋረቅ መዋሌን አይተው «አብሽሪ፣ እስቲ አምጪው» አሉኝ። ወስፌና ሰም የተቀባ ክር አውጥተው፣ ወደ ኩራዙ ተጠግተው እየሰፉ፣ ዓይናቸውን ከሶሉ ሳያነሱ ጀመሩ።

አንድ ገበሬ ነበር አሉ፤ ጫማውን አፍንጫውን ወደ በሩ እንዳዞረ ጥሎ የሚተኛ። እሱ ሲያንቀላፋ ጫማዎቹ ተነስተው ቀን የሄደበትን መንገድ ሁሉ ደግመው ይሄዱ ነበር፤ ሶሉም በአንድ ቀን የሁለት ቀን ያልቅ ነበር። አንድ ቀን ሰውዬው ተደብቆ የድንበሩን ድንጋይ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ገፋ፤ ዱካውንም በቅጠል ጠርጎ ገብቶ ተኛ። ሲነጋ ግን ከድንጋዩ እስከ ደጁ አዲስ ዱካ ጭቃው ላይ ተሰልፏል። ጎረቤቱ ዱካውን ተከትሎ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

ፍሙ አመድ ለብሶ ነበር፤ የሚቆሰቁሰው ግን አልነበረም። እኔ የአባቴን ጫማ አየሁት፤ አፍንጫው ወደ በሩ ነው።

«እንግዲያ የት እናድርገው፣ የኔታ? ስናቀናው ውሃ፣ ስንደፋው ኃጢአት!» አለች እናቴ።

በማግስቱ የኔታ ስድስት የወይራ ኩላብ ጠርበው ማታ ግድግዳው ላይ ተከሉ። ጫማዎቹን ከተረከዛቸው በጠፍር አንጠለጠሏቸው፤ አፍንጫቸው ወደ ታች፣ ሶላቸው ወደ ግድግዳው።

«ይኸው፤ ሰማይ አይደፍር፣ ውሃ አያቁር፣ መሬት አይረግጥ።»

«ግድግዳው ግን ተደፈረ በሉኛ!» አለ አባቴ።

«ግድግዳው ያንተ ነው፤ ታረቀው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። የስድስቱ ጫማዎች ጥላ በኩራዙ ነበልባል እየረዘመና እያጠረ ሲወዛወዝ፣ መሄድ እየፈለጉ መሬት ያጡ መሰለኝ። አንድ ሰው በወስፌና በስድስት ኩላብ ዝናቡንም፣ አይጡንም፣ የእናቴንም ፍርሃት፣ የጫማንም እግር ማሰር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መስከረም ጠባ፤ ጫማዬም ደረሰ። የኔታ ወደ ደብራቸው የሄዱት እኔ ሳልነሳ ነው። ደጃችን ጭቃ ላይ ዱካቸው ነበር፤ አምስት አምስት ጣት፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ። ዱካውን እስከ አጥሩ ስቆጥር ሃያ ሦስት ሆነ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ለካ በዚያ ክረምት ስድስት ሰው ነበርን፤ እኔ አምስት እያልኩ ስቆጥር የከረምኩት ጫማ ያለውንና ተራ የሚጠብቀውን ብቻ ነው።

ዛሬ ነግጄ በሠራሁት የመካነ ሰላም ቤቴ ሃያ ስድስት ጥንድ ጫማ በኩላብ ላይ ነው። የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ጫማው ምን አጥፍቶ ተሰቀለ?» እያሉ ይስቁብኛል፤ መደርደሪያ እንድገዛም ይወተውቱኛል። አልገዛም። ትርፌን ሳሰላ ያ የትምህርት ዓመትና ከእሱ የተወለደው ሁሉ አለ። ኪሳራዬ አንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ ሠርቼ መግዛት ስችል የኔታ በሕይወት አልነበሩም።