የሬሳ ሳጥን ልኬት

ሱሉልታ ውስጥ አንድ ገበሬ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ተኝተው ሲለኩ ያየሁት በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ነው። መንገድ ተዘግቶብኝ ሳጥን መሸጫው ውስጥ ተጠልዬ ነበር። ገበሬው ኦቦ ቶሎሳ ደግሞ ወንድሜ ሞቶብኛል፣ ቀብሩ ነገ ነው ብለው ሳጥን ይመርጣሉ።

"ካልበቃው ትቀይርልኛለህ?" አሉት ባለሱቁን።

"አባቴ፣ የተሸጠ አይመለስም። ደግሞስ ጠበበኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ የለኝም።"

"እንግዲያው ሳልሞክር አልገዛም። ቁመታችን እኩል ነው።"

ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋደሙ።

ይኼኔ ከሚቃጠል ጎማ ጭስ የሸሸች ሴት ዘው አለች። ሳጥኑን ስታይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ "ወይኔ አባቴ! ፊታቸው እንኳ ሳይገረጣ!" ብላ ማልቀስ ጀመረች።

"ትከሻው ጋ ይይዛል፤ ሰፋ ያለ አምጣ" አሉ ኦቦ ቶሎሳ ከተኙበት።

ሴትዮዋ እየጮኸች ወደ ጭሱ ተመልሳ ሮጠች። ባለሱቁ በሳቅ እየተንፈራፈረ ሰፊውን አወረደላቸው። እኔም አጽናንቻቸው፣ ጫንጮ ያለውን ቤታቸውን ጠቁመውኝ ተለያየን።

ከወራት በኋላ ለዘገባ ጫንጮ ስሄድ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ሳጥኑ ጓዳ ውስጥ ገብስ ተሞልቶበታል። ኦቦ ቶሎሳ ወንድም ኖሯቸው አያውቅም፤ መንገድ እንደተዘጋ ብሞት ያለ ሳጥን እቀበራለሁ ብለው ለራሳቸው ነው የገዙት።