በር ተሸክሜ ግራና ደርሼ መጣሁ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከወልድያ ተነሣሁ፤ አንድ የብረት በር ከነመቃኑ ይዤ። አክስቴ ዘሃራ ነገ እዚሁ ወልድያ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላቸው። ሁለት ቀጠሮ አሳልፈዋል። የግራና ቤታቸውን በር ምስጥ ስለጨረሰው «ክፍት ቤት ጥዬ ንቅንቅ አልልም» አሉ። ስፋቱንና ቁመቱን በሲባጎ ለክተው፣ ቋጠሮ አስረው፣ በሾፌር ላኩልኝ። በዚያው ልክ አሠራሁት።

ረዳቱ በሩን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስሮ የአንድ ሰው ሒሳብ ጨመረብኝ። ሲሪንቃን እስክናልፍ ከላይ ሲንኳኳ ራሴን አዞረኝ።

መርሳ ላይ ወርጄ ወደ ግራና የሚወስደኝ ስፈልግ ባለባጃጆቹ በሩን እያዩ ሳቁብኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ተገትሬ፣ ሽንኩርት ሊጭን የሚሄድ አይሱዙ አገኘሁ። ግራና ስደርስ ወገቤ የእኔ አልነበረም።

«አብሽር ልጄ! ደከመህ?» አሉ አክስቴ።

«ደህና ነኝ። እርስዎስ እንዴት ዋሉ?»

«አልሃምዱሊላህ!»

ከጎረቤታቸው ከሰይድ ጋር መቃኑን ብናስጠጋው አልገባም አለ። ሜትሬን ዘረጋሁ። ሲባጎው ዘጠና ሴንቲ ነበር፤ ክፍተቱ ግን ሰማንያ አንድ ሆኗል።

«ምን ነካው ይሄ ግድግዳ?» አልሁ።

«ለአዲስ በር ያረጀ ግድግዳ ነውር አይደል?» አሉ አክስቴ በኩራት። «ከትናንት ወዲያ ራሴ መረግሁት።»

ንድድ አለኝ። ልጮህ ስል ሜትሩን ዝቅ አደረግሁት፤ መሐሉ ሰባ ስድስት፣ ታቹ ሰማንያ አራት። ጭቃው እዚህ አብጧል፣ እዚያ ሣሥቷል።

«ቀጥ አድርጌዋለሁ፣ አይደል?» አሉኝ፣ ከእኔ ትንሽ ወደ ጎን እያዩ።

በስልክ «ዓይኔን ትንሽ ያደበዝዘኛል» ነበር የሚሉኝ። እኔም አምኜ ሁለት ዓመት ሳልመጣ ቀረሁ። አፈርሁ።

«ቀጥ ብሏል፣ አክስቴ።»

ጭቃውን ፍቀን መቃኑን ብናቆመውም እርጥቡ ግድግዳ አልያዘውም።

«በቃ፣ አልሄድም» አሉ።

«ወላሂ፣ እስክትመለሺ እዚሁ መደቡ ላይ ነው የምተኛው!» አለ ሰይድ። «ሠላሳ ዓመት ጎረቤትሽ ነኝ፤ ከብረት አንሼ ነው?»

አክስቴ ነጠላቸውን አነሡ።

ወልድያ የገባነው ሲመሻሽ ነው። በር ከላይም፣ ከመሐልም፣ ከታችም ይለካል፤ በሚገጠምበት ቀንም እንደገና። ይህን ድሮም አውቅ ነበር። ቤቴ ስንደርስ ግን አክስቴ በሰፊው በር ሲገቡ ትከሻቸው መቃኑን መታው። «ምንም አይደል» አሉና ሳቁ። ያኔ እጃቸውን ያዝሁ፤ ነገ ሐኪሙ ፊት እስክንቀርብ አልለቅም።