ስምንተኛው የጸባይ ዋንጫ

መነጽር ሠሪው በሰፈሩ የቅዳሜ ቴኒስ ሊግ ሰባት ዋንጫ ወስዷል፤ ሰባቱም የጸባይ ናቸው። የጸባይ ዋንጫ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይከብድም። አንድ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይሸነፋል፤ ሲሸነፍ ፈገግ ይላል፤ ፈገግ ብሎም የረታውን ሰው ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። እንዲህ ያለውን ሰው በዓመቱ መጨረሻ ባዶ እጁን መስደድ ለሕሊና ስለሚከብድ፣ ስንዝር የማትሞላ ቢጫ ነገር ያሸክሙታል። አጨብጭበው ይሸኙታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ያሸንፉታል።

ሊጉ የተራ ሰዎች ሊግ ነው፤ ሃያ ስድስት ተጫዋቾች፣ ሁለት ሜዳና ከገመዱ ቀዳዳው የሚበዛ መረብ። ዳኛ የሚባል ፍጡር የለም። ኳሷ በማንም በኩል ብታርፍ፣ መስመር ነካች አልነካች ብሎ የሚፈርደው ያው የዚያ በኩል ተጫዋች ነው። ተከሳሹ ራሱ ዳኛ ነው ማለት ነው። በዚህ ደንብ ሰበብ የሃያ ዓመት ወዳጆች ተኳርፈዋል። ጥርስ ሐኪሙና የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው በአንዲት ኳስ ተጣልተው፣ ይኸው ሦስት ዓመታቸው፣ "እንዴት አደርክ" የሚባባሉት በሰው በኩል ነው።

መነጽር ሠሪው ግን በመስመር ጉዳይ ተጠርጥሮ አያውቅም። የኳሷ ጸጉር የመስመሩን ኖራ ከዳሰሰው "ገብታለች" ይላል። ባላጋራው ተስፋ ቆርጦ ጀርባውን ሲያዞር እንኳ "ና ተመለስ፣ ነክታለች፤ ነጥቡ ያንተ ነው" ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ስለዚህ ስሙ "ጻድቁ" ሆኖ ቀረ።

ሱቁ በልብስ ንጽሕና መስጫና በቁልፍ ቀራጭ መካከል የተሰካች ናት። ከማጠሯ የተነሣ የፊደል ሰሌዳውን ከደንበኛው ጀርባ ሰቅሎ፣ ፊት ለፊት ባለ መስታወት ነው የሚያስነብበው። በዚያች ጠባብ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሌንስ እየቀያየረ "አሁን ይሻላል ወይስ አሁን?" ሲል ኖሯል። ሚስቱ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ለልጃቸው ስም ሲያወጡ እንኳ እንደዚሁ ብሎ እንደጠየቃት ትምላለች።

ዘንድሮ ግን ጻድቁ ተሻሻለ። ዓመቱን ሙሉ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በሰፈሩ ዳቦ ቤት የጓሮ ግድግዳ ላይ በግራ በኩል የሚመጣ ኳስ መመለስ ሲለማመድ ነበር፤ እንደ ዳቦ ጋጋሪው አባባል ከሆነ ከግድግዳው ድብደባ የተነሣ ሊጡ ያለ እርሾ ይነሣ ነበር። ዓምና ከአሥራ ሁለት ጨዋታ ያሸነፈው አንድ ነው፤ እሱንም ባላጋራው ቁርጭምጭሚቱ ወልቆ። ዘንድሮ ከአሥራ አንዱ ሰባቱን አሸነፈ። የመጨረሻዋንም ካሸነፈ "እጅግ የተሻሻለ ተጫዋች" የሚባለው ሽልማት የእሱ ነው፤ ካላሸነፈ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው ይወስደዋል።

ችግሩ ሌላ ነው። በሊጉ ደንብ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ሁለት ዋንጫ አይወስድም። የጸባዩ ደግሞ በተጫዋቾች ድምፅ ተመርጦ ቀድሞ ይሰጣል።

"ዘንድሮም የጸባዩን ከሰጡኝ የመሻሻሉ ቀረ" አላት ለሚስቱ።

"ታዲያ ተሳደብ" አለች፣ ደብተር ማረሟን ሳታቋርጥ።

"ማንን?"

"ያገኘኸውን። ፋርማሲስቱ አይደል የመጨረሻው? እሱን ስደበው።"

"ምን ብዬ?"

ሠላሳ ዓመት ስምንተኛ ክፍል ያስተማረች ሴት የስድብ እጥረት የለባትም። አንድ ሦስት ቀለል ያሉትን መርጣ ሰጠችው። እሱም መስታወት ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠርጎ ሞከረ፦ "እርስዎ... ደንቆሮ ነዎት።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አንተ ሰውዬ፣ ሰው በአንቱታ አይሰደብም።"

"አንተማ እለዋለሁ፤ ስሰድበው ግን አንቱታው ራሱ ይመጣብኛል።"

"ሰባት ዓመት አብራችሁ ተጫውታችኋል!"

"እሱማ ልክ ነሽ" አለና እንደገና ሞከረ። አልሆነለትም። ስለዚህ ስድቡን ትቶ ክርክር ሊያነሣ ወሰነ። አንዲት ገብታ የምትታይ ኳስ "ወጥታለች" ይላል፤ ፋርማሲስቱ ይጮኻል፤ ሰው ይሰማል፤ ጻድቅነቱ ያኔውኑ ያበቃል።

ፋርማሲስቱ ለዚህ የተፈጠረ ሰው ነው። አርባ ዓመቱ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከዚያ የሰፋ። የገዛ ኳሱ መረብ ውስጥ ገብታ እንኳ ሲከራከር ታይቷል። ቅዳሜ ሁለቱ ተፋልመው ዘጠኝ ነጥብ ለዘጠኝ ደረሱ። ሜዳው እኩለ ቀን ላይ ስለሚለቀቅ፣ በዘጠኝ ለዘጠኝ አንዲት ነጥብ አሸናፊውን ትለያለች። ፋርማሲስቱ ያለ የሌለ ጉልበቱን አሰባስቦ መታ። ኳሷ የኋላው መስመር ላይ አርፋ ኖራውን አቦነነችው።

"ወጥታለች" አለ ጻድቁ።

ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ማዕበሉን ጠበቀ። ማዕበል የለም። ቢከፍተው ፋርማሲስቱ ራኬቱን አንጠልጥሎ ቆሟል።

"ወጥታለች?"

"ወጥታለች።"

"እኔማ ገብታ ያየኋት መስሎኝ ነበር።" ትንሽ አሰበ። "እርስዎ ካሉማ ወጥታለች፣ ጋሼ።" መረቡ ድረስ መጥቶም እጁን ጨበጠው።

ሰው ዓይኑን በጨው ታጥቦ የመጀመሪያ ውሸቱን ዋሽቶ፣ ያውም በመከራ፣ የሚያምነው ሲያገኝ ምን ይባላል? ጻድቁ ጨዋታውን አሸንፎ፣ ጸባዩን ሳያበላሽ፣ የቀብር ሸኚ መስሎ ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ስትጠይቀው "አሸነፍኩ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የሱቁ በር ተከፈተ። ፋርማሲስቱ ነበር፤ ያ ሰፊ ደረት የአየር እጥረት የገጠመው ይመስላል።

"ጋሼ፣ ዓይኔን ይዩልኝ።"

"ምን ሆነህ፣ ወንድሜ?"

"ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ያቺን ኳስ ገብታ ነው ያየኋት፤ ጥርት ብላ። የወጣች ኳስ ገብታ ካየሁ፣ የሐኪም ጽሑፍ ሳነብ ምን እንደማይ በምን አውቃለሁ? ለልብ የታዘዘውን ለሆድ ብሰጥስ? ሦስት ቀን ሙሉ ሠራተኞቼ ወረቀቱን ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲያነቡልኝ እያደረግኩ ነው።"

መነጽር ሠሪው ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ የመሞከሪያውን ከባድ ፍሬም አፍንጫው ላይ አኖረው፤ መብራቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። ፋርማሲስቱ በመስታወቱ ውስጥ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች እንደ ዝናብ ወረደበት። የመጨረሻዋን፣ ለጉንዳን የተጻፈች የምትመስለውን መስመር ጨርሶ፣ "ከሥሯ ያለውን የማተሚያ ቤቱን ስልክም ልበል?" አለ።

"በቃ። ዓይንህ ጤነኛ ነው።"

"ታዲያ ያቺ ኳስ?"

እዚህ ላይ መነጽር ሠሪው ሁለት መንገድ ነበረው። ቀጭን መነጽር ሰጥቶ "ትንሽ ድካም ነው" ማለት ይችላል፤ ዋንጫውም ይተርፍለታል። ሌንሶቹን አንድ በአንድ ወደ ሣጥናቸው መለሰ። ሁሉም ካለቁ በኋላ የሚመልሰው ሲያጣ፣ "ገብታ ነበር" አለ።

"ምን አሉኝ?"

"ኳሷ ገብታ ነበር። ኖራው ሲቦን አይቻለሁ። ዋሽቼህ ነው።"

ፋርማሲስቱ ባዶውን ፍሬም እንደለበሰ ዞሮ አየው። "እርስዎ? ጻድቁ?"

"እኔ።"

"አንዷ ሠራተኛዬ 'እርጅና ነው፣ አይዞህ' ብላ ሻይ አመጣችልኝኮ። አርባ ዓመቴ ነው፣ ጋሼ። ለምን?"

መነጽር ሠሪው ስለ ሰባቱ ዋንጫዎች፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ነገረው። ፋርማሲስቱ አዳመጠ። መጨረሻ ላይ ከንፈሩ ዳር ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

"ተሻሽለዋል ለመባል ሲሉ ዋሹ።"

"አዎ።"

"ተነሡ፣ ሊቀመንበሯ ዘንድ እንሂድ። መጀመሪያ ግን ይቺን ፍሬም ያውልቁልኝ።"

ሊቀመንበሯ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ሊጉን በአንድ ሰማያዊ ደብተር የሚያስተዳድሩ እናት ናቸው። ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ገለጡ። መስመር ላይ ስለሚከራከር፣ ራኬት ስለሚወረውር፣ ውሻ ይዞ ስለሚመጣ ሁሉ ተጽፏል። ዋሽቻለሁ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ግን የተጻፈ አንዲት ቃል የለም፤ ሊጉ ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሟቸው አያውቅም።

"ሽልማቱን ለመንጃ ፈቃድ አስተማሪው ይስጡት፣ እትዬ" አለ መነጽር ሠሪው። "ጨዋታውም የዚህ ልጅ ይሁን።"

"እኔ በወሬ ማሸነፍ አልፈልግም" አለ ፋርማሲስቱ።

"ሁለታችሁም ዝም በሉ" አሉ ሊቀመንበሯ። "ያቺ ነጥብ ትደገም። ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት።"

የአንዲት ነጥብ ጨዋታ ለማየት ሃያ አራቱም ቀሪ ተጫዋቾች መጡ። ታጣፊ ወንበር ያመጣ አለ፤ ጃንጥላ ያመጣ አለ፤ አንዱማ ትራስ ይዟል። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው ጉዳይ ስላለው ከሁሉም ፊት ተቀመጠ።

ነጥቧ ረዘመች። ኳሷ አርባ ጊዜ ተመላልሳለች የሚሉ አሉ፤ ጥርስ ሐኪሙ ግን ቆጥሬ ሠላሳ ሁለት ነው ይላል፤ ያው ከልማዱ ነው። ፋርማሲስቱ በመጨረሻ ኳሷን በመነጽር ሠሪው ግራ በኩል፣ ድሮ ሰላም ብሎ በሚያሳልፋት ቦታ፣ ሰደዳት። እሱም ዞሮ፣ ጉልበቱን ሰብሮ፣ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳውን ያሠቃየባትን ምት መታ። ኳሷ መረቡን አልፋ በፋርማሲስቱ በኩል ጥጉ ላይ አረፈች።

ፍርዱ እንግዲህ የፋርማሲስቱ ነው። "ወጥታለች" ቢል ማንም አይፈርድበትም፤ ብድሩን መለሰ ይባላል። አስተማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። ፋርማሲስቱ ሄዶ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ መሬቱን አየ፤ ዞሮ በሌላ በኩል አየ። መነጽር ሠሪው ከወዲያ ማዶ መረቡን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

"ዓይኔ ጤነኛ ነው ተብያለሁ" አለ ፋርማሲስቱ ሲነሣ። "ገብታለች።"

የሽልማቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ከልብስ ንጽሕና መስጫው ፎቅ ላይ ባለች አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሯ የጸባዩን ድምፅ ዘርዝረው አነበቡ። ከሃያ ስድስቱ ሃያ ሁለቱ ለፋርማሲስቱ ነበር። ፋርማሲስቱ ስሙን ሲሰማ የተሳሳተ መድኃኒት የዋጠ ሰው ፊት አሳየ።

"እኔ? እኔ'ኮ ተከራካሪ ነኝ። ሰው ሁሉ ያውቃል።"

"ነበርክ፣ ልጄ" አሉ ሊቀመንበሯ። "ና ውሰድ፣ ሰው አታስጠብቅ።"

ቀጥሎ እጅግ የተሻሻለው ተጫዋች ተጠራ። መነጽር ሠሪው ወጥቶ ዋንጫውን ተቀበለ። ሊቀመንበሯ እጁን እንደጨበጡ፣ "በደንቡ መሠረት የተሻሻለው ተጫዋች በሚቀጥለው ዓመት ወደ አንደኛ ምድብ ያልፋል" ብለው አነበቡ። ደርሶበት ስለማያውቅ ያችን አንቀጽ አንብቧት አያውቅም። አንደኛ ምድብ ማለት ከዚህ ሊግ በላይ ያለው፣ ኳስ ሲመቱ ሦስት ጎዳና አልፎ ያለ መስኮት የሚንቀጠቀጥላቸው ሰዎች ያሉበት ነው።

ደረጃውን ሲወርዱ ሚስቱ ክንዱን ያዘች። "አሥራ ሁለት ጨዋታ ነው አይደል?"

"አሥራ ሁለት።"

"ስንቱን ታሸንፋለህ?"

የሒሳብ አስተማሪ ስለሆነች በጥንቃቄ አሰበ። "ምንም።"

"እሺ። ዋንጫውን ፌስታል ውስጥ ላድርገው?"

"ፌስታል ምን ያደርጋል" አለ፣ ደረቱ ላይ ወደ ላይ ከፍ እያደረገው።

"ቤታችን'ኮ በዚህ ነው።"

"አውቃለሁ" አለና በዋናው መንገድ፣ ሱቆቹ ሁሉ ክፍት በሆኑበት በረጅሙ በኩል፣ ቀስ እያለ ታጠፈ።