ነቢላ የጻፈችው ሩጫ

አሰላ ገበያ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠው ነቢላ፣ ስለ ኮሌጅ ስፖርተኞች ፍቅር የሚተርክ ልብ ወለድ ካገኘች ምግብም አያምራትም። መጀመሪያ በስልኳ ታነብ የነበረው ከእንግሊዝኛ የተመለሰውን ነው። በዚያ ውስጥ ግዙፍ ግዙፍ የአሜሪካ ልጆች በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ ይጫወታሉ። «ወይ ጉድ! በረዶ ሲወርድ ሰው ይሸሻል እንጂ ይጫወትበታል?» ትላለች፤ ግን ታነባለች። ምኑ ነው እንዲህ የያዘሽ ቢሏት መልሷ ዝግጁ ነው። ኑሮ ላይ ማን እንደሚወድሽ ለማወቅ ዕድሜሽ ያልቃል፤ እዚያ ግን ልጁ ጨዋታውን ያሸንፋል፣ ላብ በላብ ሆኖ ሕዝቡን ጥሶ ይመጣና በሰው ሁሉ ፊት ይናገራል። በቃ፣ ይለይለታል።

ኋላ በረዶው ሰለቻትና የራሷን መጻፍ ጀመረች። ገዢ በሌለበት ሰዓት ጣቃው ላይ ተደግፋ በስልኳ ትጽፍና በቴሌግራም ትለቃለች። ጀግናው ዕዝራ የሚባል የኮሌጅ ሯጭ ነው፤ ልጅቷ ሮሐ ትባላለች። ነቢላ ስሟን ደብቃ ስለምትጽፍ ማን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። የኮሌጅ ሴቶች ግን አበዱላት። ቀጣዩ ክፍል ትንሽ ከዘገየማ ስድቡ አይጣል ነው።

ባሏ ከዲሮም አያውቅም። ከዲሮ የበቆጂ ልጅ ነው፤ ድሮ ሯጭ ነበር፣ ዛሬ ጎሚስታ ነው። የተዋወቁትም ኮሌጅ ሲማሩ ነው። እንግዲህ በቆጂ ተወልዶ ያልሮጠ ማን አለ? ያሸነፈው ግን ጥቂት ነው፤ የቀረው እንደ ከዲሮ ጎማ ይለጥፋል፣ ገብስ ይዘራል፣ ይነግዳል። ከዲሮ በዚህ ሲያማርር ተሰምቶ አያውቅም።

ምስጢሩን ያወጣችው እህቱ ፋጡ ናት። ፋጡ በቆጂ ሆና ልብ ወለዱን ስትከታተል፣ ዕዝራ ከሩጫ በፊት ግራ ቁርጭምጭሚቱን በእናቱ የሻሽ ቁራጭ እንደሚጠቀልል አነበበች። እንዲህ የሚያደርግ ሰው የምታውቀው አንድ ነው፤ ሻሹንም የቀደደችው የገዛ እናቷ ናት! ይህን ከቤተሰቡ ሌላ የምታውቀው ደግሞ ነቢላ ብቻ ናት። ወዲያው ለወንድሟ ደወለች።

«ከዲሮ፣ ሚስትህ አንተን ጽፋሃለች! ደግሞ የኮሌጆቹን ሩጫ አንደኛ ወጥተሃል!»

ከዲሮ ሥራውን ዘግቶ አነበበው። ማታ ቤት ገባ፣ የእጁን ግሪስ በኦሞ ታጠበ፣ ራቱን በላ። ከዚያ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ነቢላ፣ ዕዝራ ባያሸንፍ ኖሮ ልጅቷ አታገባውም ነበር?»

ነቢላ ክው አለች። «ልብ ወለድ እኮ ነው!»

«እሺ» አለ።

እሺ ብቻ። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ጨዋ ሆነ፤ ሻይ ስታቀርብለት እንደ እንግዳ «አመሰግናለሁ» ይላታል። ይሄኔ ነው ነገሩ የገባት። ለካ ሰውየው፣ ሚስቴ በእኔ አፍራ ሌላ ወንድ ፈጠረች፣ ብሎ ደምድሟል! ወላሂ፣ አንድም ቀን አፍራበት አታውቅም። ግን ይህን በአፏ ብትነግረው ልታጽናናው ይመስለዋል፤ ከዲሮ ደግሞ የሚያጽናናው ሰው አይወድም።

ስለዚህ የሩጫውን ክፍል አጠፋችውና እንደገና ጻፈችው፤ አሁን ግን በእውነት እንደሆነው አድርጋ። ያኔ ኮሌጅ ሳሉ፣ በኮሌጆቹ ሩጫ ቀን፣ አሰላ ስታዲየም ውስጥ ከዲሮን ጎኑን ወጋውና በመጨረሻው ዙር ወደ ኋላ ቀረ። ሕዝቡ አሸናፊውን ከቦ ሲጨፍር እሱ ግንቡ ሥር ተቀምጦ ጫማውን ይፈታ ነበር። ነቢላ ውኃ ይዛለት ሄደች። «ተሳስተሻል፣ አሸናፊው በዚያ በኩል ነው» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ቀልዱን ግን አልተወም። የወደደችው ያኔ ነው። ዕዝራንም እንደዚያው አደረገችው፤ መጨረሻ አስወጣችው፣ ውኃ አጠጣችው፣ ሮሐን ዳረችለት።

አንባቢዎቿ ጉድ አፈሉ! «ይሄን ሁሉ ጊዜ የተከታተልነው ለተሸናፊ ነው?» አሉ። አንዷማ «ሮሐ ዓይን የላትም እንዴ?» ብላ ጽፋ ከቻናሉ ወጣች። ነቢላን ከፋት፤ ግን ለአንዷም አልመለሰችም። የምትጠብቀው የአንድ ሰው መልስ ነበር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከዲሮ ስልኩን ግሪስ በነካው እጁ ጨብጦ ሱቋ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ። ጨርቅ የምታማርጥ ሴትዮ ነበረች፤ ግድም አልሰጠው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ነቢላ?»

«ምኑ?»

«መጨረሻ? እኔ መጨረሻ ወጣሁ? ውሸት! ከኋላዬ ሁለት ልጆች ነበሩ! አንደኛው የዲክሲስ ልጅ ነው፣ ያ ረጅሙ፤ ከፈለግሽ ደውዬ አገናኝሻለሁ! የሰው ስም እንዲህ ይጠፋል?»

ሴትዮዋ ጨርቁን እንደያዘች አንዴ እሱን አንዴ እሷን ታያለች። ነቢላ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት።

«ከኋላህ ማን እንደነበረ እኔ በምን አውቃለሁ?» አለችው። «እኔ አንተን ነበር የማየው።»