ቤት የት ይሄዳል?

የሲያትል፣ የሾርላይንና የኤቨረት ሰፊው ሕዝብ ሆይ፣ ስማ! መሀል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል፣ ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ በቀን አሥራ አራት አልጋ የምታነጥፈው ወይዘሮ ጸጋ ከዛሬ ጀምሮ ከታላላቆች ተርታ መሰለፏን በደስታ እናውጃለን። ጉልበቷን ስለሚያማት፣ ሐውልት የሚቆምላት ከሆነ ቁጭ ያለ ይሁንልን።

ጸጋ የዶርዜ ልጅ ናት። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ብርዱ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭበት ተራራ ላይ፣ እናቷ ከቀርከሃ በተሠራ ረጅም ቤት ውስጥ ይኖራሉ። የቤቱ አንደኛ ጥፋት ማማሩ ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ዳር መሆኑ። ቱሪስት ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ ካየ ደግሞ ይገባል። ስለዚህ እኚህ የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ቁርሳቸውን ሰው ሳያያቸው ለመብላት ጎህ ሳይቀድ ይነሣሉ። ወገባቸውን አሟቸው ጋደም ሲሉ አስጎብኚው «እማማ፣ እስቲ ተነሡና ጥጡን ፍተሉልን» ይላቸዋል። ባላቸው የሞቱ ቀን አንድ ረጅም ሰውዬ ሲያለቅሱ ፎቶ አንሥቷቸው «ቢዩቲፉል» ብሎ አመስግኖ ሄዷል። የሰፈሩ ልጆችም ትምህርት ቤቱን ትተው አስፋልት ላይ በእጃቸው መሄድ ተምረዋል፤ መኪና ሲመጣ እግር ሁሉ ወደ ሰማይ ነው። የጉብኝቱ ብሮሹር ይህን «ማኅበረሰብ ተኮር ልማት» ይለዋል። በእኛ ጊዜ በራሪ ወረቀት የሚዋሸው ስለ ነገ ነበር፤ የዘንድሮው ዓይኑን በጨው አጥቦ ስለ ዛሬ ይዋሻል።

በመጋቢት ወር ጸጋ ኖርዝጌት አካባቢ ካለ የሐበሻ ሱቅ ልትገባ ስትል፣ መስታወቱ ላይ የእናቷን ፎቶ አየች። ከሥሩ «ዘጠነኛ ቀን፦ ከጥንታዊት እናት ጋር እራት» ይላል። አዘጋጁ አቶ አብዮት ነው፤ ቢሮው ከሱቁ በላይ። ጸጋ ልትገዛ የመጣችውን ሳትገዛ፣ ጉልበቷን ይዛ ደረጃውን ወጣች።

«ጋሼ አብዮት፣ ይቺ እናቴ ናት።»

«እውነት? ኮንግራጁሌሽን! ሶ፣ አንቺም አብረሽን ሂጂ፤ ታስተረጉሚልናለሽ።»

«እናቴን ያማታል። ቤቷን ከፕሮግራሙ ያውጡልኝ።»

«የኔ እህት፣ ሃያ ሁለት ሰው ቡክ አድርጓል። ለአንድ ቤት ብዬ ካንስል ላድርገው?»

«እኔ የምሠራበት ሆቴል እንግዳው በሩ ላይ ‹አትረብሹኝ› የሚል ካርድ ካንጠለጠለ አላንኳኳም። እናቴስ ካርዱን የት ታንጠልጥል?»

አቶ አብዮት ሳቀ። በወጣትነቱ «መሬት ላራሹ!» ብሎ ጉሮሮው እስኪደርቅ የጮኸ ሰው ነው፤ አሁን አራሹን ከነመሬቱ ያስጎበኛል።

«አየሽ፣ ባህል የሁላችንም ሀብት ነው። ደግሞ እኔ ባልወስዳቸው ሌላው ይወስዳቸዋል። ቤቱ እንደሆነ መንገድ ዳር ነው፤ ጂፒኤስ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ቤት የት ይሄዳል?»

ጓድ አብዮት እዚህ ላይ ተሳሳተ። ዶርዜን በዓመት ሁለቴ ሲጎበኝ ዋናውን ነገር አልጠየቀም። የዶርዜ ቤት እንደ ትልቅ ቅርጫት የተጠለፈ ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ወንዶቹ ተሰብስበው፣ ግማሹ ከውስጥ ግማሹ ከውጭ ሆኖ፣ ቤቱን እንዳለ በትከሻቸው አንሥተው ሌላ ቦታ ይተክሉታል።

ጸጋ ወደ ሾርላይን የሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ እንዳለች ለወንድሟ ኮል አደረገች።

«ቤቱን ምስጥ በልቶታል አላልከኝም?»

«በልቶታል። ለመስከረም ልናነሣው ነው።»

«አሁን አንሡት። ከእንሰቱ ጀርባ፣ ታች ያለው ሜዳ ላይ ትከሉት።»

«እዚያ እኮ መኪና አይደርስም።»

«ለዚያ ነው የምልህ።»

«አስጎብኚዎቹ ይጣሉናል። ለሳሙና ለጨው የምታገኘውም ይቀርባታል።»

«ሳሙናውም ጨውም በእኔ ይሁን። እማዬ ባለፈው ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ስሞትም እንዲሁ ይገባሉ ወይ?› አለችኝ።»

ወንድሟ «በግ ይታረዳል» አለ። ሠላሳ ወንድ በባዶ ሆዱ ቤት አያነሣማ።

ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። እዚያ ሲመሽ ሲያትል ጠዋት ነው፤ ጸጋ የመጀመሪያውን አንሶላ ስትገፍ ስልኳ ጮኸ፤ አቶ አብዮት ከዶርዜ ነው።

«ጸጋ! ቤቱ የለም!»

«የትኛው ቤት?»

«የእናትሽ ነዋ! ያለው ክብ አፈር ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ሰው አፈር ከቦ ቆሟል! አንዷማ አፈሩን ፎቶ እያነሣች ነው።»

«ታንሣው። አፈር ወገቡን አያመውም።»

«ወዴት ሄደ?»

«ጎረቤት ይጠይቁ፣ ጋሼ።»

ጠየቁ። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዲት ባልቴት ደግሞ በእርግጠኝነት ወደ አርባ ምንጭ ጠቆሙ። በማግስቱ እናቷ በስልክ «ዛሬ ፀሐይ ወጥታ ቁርሴን በላሁ። ማንም አላየኝም» አሏት። ጸጋ ይህን ሰምታ አሥራ አራቱንም አልጋ እየዘፈነች አነጠፈች ይባላል። ጉልበቷ ግን እንዳመማት ነው።

ትግሉ እዚህ ያበቃ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። አቶ አብዮት በተመለሰ በሳምንቱ አዲስ ወረቀት ለጠፈ፦ «የተሰወረውን ቤት ፍለጋ፣ የአሥራ አምስት ቀን ጀብዱ!» ከሾርላይን ዘጠኝ፣ ከኤቨረት ሰባት ሰው ተመዝግቧል። ጸጋ ስትሰማ አልደነገጠችም። «ደግመን እናነሣዋለና። ትከሻ እንደሆነ ሞልቷል» አለች። ትከሻስ ሞልቷል፤ እናትየው ግን በዚህ ዕድሜያቸው ስንት ጊዜ ከነቤታቸው ይሰደዱ?

እንግዲህ አንተ ከዘጠኙ ወይም ከሰባቱ አንዱ የሆንክ አንባቢ፣ ገንዘብህን ከፍለሃል፣ ጫማህንም ገዝተሃል፤ አልፈርድብህም። ብቻ እንሰቱ መካከል የምታልፈውን ቀጭን መንገድ ያየህ እንደሆነ፣ በማዶም ጢስ ቢታይህ፣ እባክህ፣ ለቀሩት ሳትነግር ተመለስ፤ እማማ ቁርሳቸውን እየበሉ ነው።